አዙረው እንጂ!

ከፒያሳ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ብቻውን አያይም። በግራው ያለው ያያል፤ በቀኙ ያለው ያያል፤ ከኋላ ያለው አንገቱን አስግጎ ያያል። የሚታየው የማታው የእንግሊዝ ጨዋታ ጎሎች ከሆኑ ረዳቱ ራሱ ሒሳብ መሰብሰቡን ገታ ያደርጋል። ስልኩ በቁሙ እንደተያዘ ነው። ሜዳው ከላይም ከታችም በጥቁር ተውጦ ሁለት ጣት የምታህል ቦታ ብቻ ቀርታለታለች፤ ኳሷን የሚያያት ጎሉን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ይሄኔ ከጎን ያለው፣ ገና ሒሳቡን ያልከፈለው ተሳፋሪ መታገስ ያቅተዋል።

«አዙረው እንጂ!»

ባለስልኩ እሺ ብሎ ያዞረዋል። ስልኩ ይዞራል፤ ጨዋታው አይዞርም። ተጫዋቾቹ በጎናቸው እንደተኙ ይሮጣሉ። አራቱ ሰዎች ተስማምተው አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፤ ሰሜን ማዘጋጃ ሲደርሱ ጎሉም አልፏል፣ አንገትም ደርቋል። «ስልክህን አሳየው፣ ችግር አለበት» ይላል ያ ተሳፋሪ ሲወርድ።

ስልኩ ላይ ለመፍረድ ግን አይቸኮልም። ስክሪን አልዞር ሲል ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ባለቤቱ፣ ስልኩ እና አፑን የጻፈው ሰው። ከሦስቱ ንጹሑ ብዙውን ጊዜ ስልኩ ነው።

ባለቤቱ አዘውትሮ ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። ከላይ ወደ ታች በጣት ሲሳብ ከሚመጡት ምልክቶች መካከል «ኦቶ ሮቴት» የሚባለውን ራሱ አጥፍቶ ረስቶታል። ለምን አጠፋኸው ቢባል ምክንያት አለው፤ ማታ አልጋ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ሲያነብ ጽሑፉ እየተገለበጠ አላስተኛ ብሎታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ውስጥ አክስለሮሜትር የምትባል፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የምትሆን መሣሪያ አለች። የመሬት ስበት በየት በኩል እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት። ስልኩ ቀጥ ብሎ ሲያዝ፣ የወደቀን ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ በሰከንድ 9.8 ሜትር ገደማ የሚጨምረው ስበት በቁመቱ ዘንግ ላይ ያርፋል፤ በጎኑ ሲያዝ በወርዱ ዘንግ ላይ ያርፋል። ሶፍትዌሩ ሁለቱን አስተያይቶ ይፈርዳል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ከተጋደመ ግን በሁለቱም ዘንግ ላይ የሚያርፍ የረባ ነገር ስለሌለ የመጨረሻ አቋሙን ይዞ ይቆያል። የሰውየው ፊት የት እንዳለ፣ ትራስ ላይ ይሁን አንገቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ መሣሪያዋ የምታውቀው ነገር የለም። ተጋድሞ የሚያነበውም፣ ጨዋታ ሊያይ ያዞረውም ለእሷ አንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጉግል በአንዳንድ የፒክስል ስልኮቹ ላይ የፊት ካሜራው ፊት እያየ እንዲፈርድ አድርጓል፤ ጉለሌ ውስጥ ከኪስ ወደ ኪስ የሚዞረው ብዙው ስልክ ግን አሁንም ስበትን እንዳመነ ነው።

በነገራችን ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ስንቱን መኪና ሲያስተነፍስ ኖሮ ስልክን ማታለል አልቻለም። ስክሪን እንዲዞር ከዳገት ብዙ እጥፍ የበለጠ ማዘንበል ያስፈልጋል። ሚኒባሱ በድንገት ሲታጠፍም ሶፍትዌሩ ንቅናቄው እስኪረጋ ድረስ ጥቂት ይታገሣል።

ያም ሆኖ ከጥንት ጀምሮ ስልክ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ሲወጣ ሲያዞሩት ፎቶው አብሮ መዞሩ ሰውን ያስጨበጨበ ነገር ነበር። በዓመቱ የወጣው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ ኤችቲሲ ድሪም፣ ተንሸራታች ኪቦርዱ ሲከፈት ገጹን በአግድም ያደርጋል፤ ሲዘጋ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድሮይድ 1.5 ሲመጣ ነው በሴንሰር መዞር የተለመደው። ሰው ሲያስጨበጭበው የነበረውን ነገር ማጥፋት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድሮይድ 9 አንዲት አስታራቂ ቁልፍ አመጣ፤ ኦቶ ሮቴት ጠፍቶም ስልኩ ሲዞር ከጥግ ብቅ ብላ «ላዙርልህ ወይ?» የምትል። ትሕትናዋ ደስ ይላል። ብዙ ሰው ግን መኖሯን አላያትም።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ አፑን የጻፈው ሰው ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው።

አንድን አፕ ዕድሜ ልኩን በቁሙ ለማስቀረት አንድ መስመር ይበቃል። በአንድሮይድ ማኒፌስት በሚባለው ፋይል ውስጥ፣ «ስክሪን ኦሪየንቴሽን» ከሚለው ፊት «ፖርትሬት» ብሎ መጻፍ፤ በቃ። በኮደሮቹ አፍ «ሎክ አድርጌዋለሁ» ይባላል። አማራጩ ግን ከአሥራ ሁለት በላይ ነው። «ላንድስኬፕ» በአግድሙ ይሁን ማለት ነው። «ሪቨርስ ፖርትሬት» ተዘቅዝቆ ይሁን ማለት ነው፤ ፈላጊው ጥቂት ነው። «ሴንሰር» መሣሪያዋ ያለችውን ተከተል፤ «ዩዘር» ባለቤቱ የመረጠውን አክብር። «ቢሃይንድ» የሚባለው ደግሞ ከኋላዬ ያለው ገጽ እንዳደረገ አድርግ የሚል፣ የራሱ አቋም የሌለው አማራጭ ነው። ይህ ሁሉ ተደርድሮለት ሳለ ኮደሩ እጁ የሚሄደው «ፖርትሬት» ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ከሽሮ ሜዳ አካባቢ እድሮች የአንዱን ታሪክ መከተል ይጠቅማል።

እድሩ መዝገቡን ወደ ስልክ ሊያዛውር ወሰነ። ሥራው ለሰፈሩ ልጅ ተሰጠ። ልጁ የአንድሮይድ አፕ የሚጻፍበትን ኮትሊን የተማረው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የኢንተርኔት ሥልጠና ነው፤ የአንድሮይዱን ክፍል ጨርሶ ያገኘውን የምስክር ወረቀት እናቱ ሳሎን ሰቅለውለታል። የክፍያው ነገር ሲነሳ ሰብሳቢው «የእኛው ልጅ አይደል እንዴ?» አሉ፤ የዋጋው ድርድር በዚሁ ተዘጋ። ጡሩንባው እንዳይነካ፣ መዋጮው ብቻ ወደ ስልክ እንዲገባ ስምምነት ተደረሰ።

የእድር መዝገብ ያየ ሰው ችግሩን ከሩቅ ያውቀዋል። መዝገቡ በአግድም የተሰመረ ነው። ከስም ቀጥሎ ከመስከረም እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት ዓምድ ይሰለፋል፤ ጳጉሜን ከመዋጮ ነፃ ናት። ከዚያ ቅጣት፣ ከዚያ ውዝፍ፣ ከዚያ ፊርማ ይከተላል። ስልኩ ደግሞ በቁሙ ነው። ልጁ ሁለቱን ለማስታረቅ ዓምዶቹን አጠበበ፤ የወራቱን ስም ቆረጠ። መስከረም «መስ»፣ ጥቅምት «ጥቅ»፣ ኅዳር «ኅዳ» ሆኑ። የካቲት «የካ» ሲሆን ግን ገንዘብ ያዧ ደነገጡ፤ የጎረቤት ክፍለ ከተማ መዋጮ የተደባለቀ መሰላቸው።

የመጀመሪያው እትም ይዞር ነበር። የእድሩ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ እሑድ ጠዋት ከስብሰባው በፊት መነጽራቸውን ሰክተው የአባላቱን ክፍያ አንድ በአንድ ሞሉ። ጣታቸው ጠመኔ የለመደ ስለሆነ ስክሪኑን ሲጫኑት ድምፅ ይሰማል። «አስቀምጥ» የምትለዋ ቁልፍ ከታች መሆኗን ልጁ ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን ከማስቀመጣቸው በፊት የሞሉትን በሙሉ ማየት ፈለጉ። መምህር ነበሩ፣ ሳያርሙ አያስረክቡም። ስልኩን በአግድም አዞሩት። ሠንጠረዡ ተዘረጋ፤ አሥራ ሁለቱም ወራት ተሰልፈው ቁጭ አሉ። ባዷቸውን።

«አንተ ልጅ፣ ገንዘቡ የት ሄደ?»

እድር ውስጥ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ቤቱ ጸጥ ይላል። ልጁ ግንባሩን እያበሰ «ጋሼ፣ ገንዘቡ አለ፤ አክቲቪቲው ሞቶ ነው» ብሎ መለሰ። የእድር ስብሰባ ላይ ሞተ የሚለው ቃል ያለ ጥንቃቄ አይወረወርም። ሁለት ሰው ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

ልጁ ግን እውነቱን ነው። አንድሮይድ ውስጥ አንድ ገጽ «አክቲቪቲ» ይባላል። ስልኩ ሲዞር ስርዓቱ ያንን ገጽ አያዞረውም፤ ያፈርሰዋል። «ኦንዲስትሮይ» የሚባለውን ጠርቶ ያጠፋዋል፤ ወዲያው «ኦንክሬት»ን ጠርቶ ከባዶ እንደገና ይሠራዋል። ሲታይ ጭካኔ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን አሳማኝ ነው። በቁም ለሚታየው ገጽ አንድ ንድፍ፣ በአግድም ለሚታየው ሌላ ንድፍ ሊኖር ይችላል፤ ስርዓቱ ትክክለኛውን ንድፍ አንሥቶ ለመሥራት አሮጌውን ያፈርሳል። ከማፍረሱ በፊት «የያዝከውን አስረክብ» ብሎ ዕድል ይሰጣል። ጽሑፍ መሙያ ሳጥኖች መለያ ከተሰጣቸው የያዙትን ራሳቸው ያስረክባሉ። ኮደሩ በተራ ተለዋዋጭ ውስጥ ያኖረው ዝርዝር ግን አስረካቢ የለውም፤ ከገጹ ጋር ይሄዳል። የጸሐፊው ሥራ የሄደው እንዲሁ ነው።

መድኃኒቱ ከታወቀ ቆይቷል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 «ቪውሞዴል» የሚባለውን አቀረበ፤ ገጹ ፈርሶ ሲሠራ መረጃው ከገጹ ውጭ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከዚያም በላይ እያንዳንዱን ክፍያ በተሞላበት ቅጽበት ስልኩ ውስጥ ወዳለ ዳታቤዝ ማስገባት ይቻላል። ሁለቱም ጥቂት ቀን ሥራ ይጠይቃሉ፤ አንደኛው መንገድ ይህ ነው። ሁለተኛው መንገድ አቋራጭ ነው፤ ማኒፌስቱ ላይ «ኮንፊግ ቼንጅስ» ብሎ «መዞሩን እኔ እችለዋለሁ፣ አታፍርስብኝ» ማለት። ይህን ከድሮ መማሪያ የሚገለብጥ ሰው ደግሞ አይሠራለትም፤ ከአንድሮይድ 3.2 ወዲህ «ኦሪየንቴሽን» ከሚለው ጎን «ስክሪን ሳይዝ» ካልተጨመረ ገጹ መፍረሱን ይቀጥላል። ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ሎክ ማድረግ ነው።

ልጁ ሦስተኛውን መረጠ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለተኛው እትም በቴሌግራም ተላከ፤ ከሥሩም «ባጉ ተፈቷል» የሚል ጽሑፍ ነበረው።

አልተፈታም። በብዙ አፕ ላይ የሚታየው ሎክ «ዲዛይኑ ነው» ተብሎ ሲቀርብ መጠርጠር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልተጠገነ ባግ ላይ የተዘጋ በር ነው። ገጽ የሚፈርሰው ስልክ ሲዞር ብቻ አይደለም። የስልኩ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲቀየር ይፈርሳል። የፊደሉ መጠን ሲተልቅ ይፈርሳል። ከአንድሮይድ 7 ወዲህ ስክሪኑ ለሁለት አፕ ሲከፈል ይፈርሳል። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ደግሞ ስልኩ ወደ ጨለማ ገጽታ ሲለወጥ ይፈርሳል። የጸሐፊው ስልክ ማታ በራሱ እንዲጠቁር የልጅ ልጃቸው አስተካክላላቸው ኖሮ፣ የጀመሩት የመዋጮ ዝርዝር አመሻሹ ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ተከትሎ ጠፋ። በማግሥቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ክፍያ እንዳይመዘገብ ለኮሚቴው ሐሳብ አቀረቡ።

ከዚህ የባሰው የሰብሳቢው ስልክ ነበር። ልጁ ጥንቃቄ ጨምሮ በየገጹ ላይ ሎክ ለጥፏል፤ ከኋላዋ ያለውን በምታሳየዋ፣ «እርግጠኛ ነዎት?» በምትለዋ ግልጽ ገጽ ላይ እንኳ ሳይቀር። በእሱ ስልክ ላይ ይሠራል፤ በሰብሳቢው ላይ «አረጋግጥ» ሲሉ አፑ ድርግም ብሎ ይዘጋል። ሰብሳቢው እጃቸው ከባድ ስለሆነ ነው ተብሎ ለጊዜው ታለፈ። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አንድሮይድ 8.0 ለአዳዲስ አፖች አንድ ሕግ አምጥቶ ነበር፤ ስክሪኑን የሚሞላና ከኋላው የማያሳይ ገጽ ካልሆነ በቀር አቅጣጫዬ ይህ ነው ብሎ መጠየቅ አይችልም። የጠየቀ ይዘጋል። በ8.1 ሕጉ ተሻረ። በመካከሉ ስልክ የገዛና ዝማኔ ያላገኘ ሰው ግን ከእነሕጉ ቀረ። ሰብሳቢው ከነዚያ አንዱ ናቸው።

ገንዘብ ያዧ ጋ ሲደረስ ነገሩ መልኩን ቀየረ። እሳቸው ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቅ አላቸው፤ የጋሞ ደጋ ልጆች የሆኑት የዶርዜ ሸማኔዎች የሚያመጡትን ይሸጣሉ፤ ደንበኞቻቸው ከጉለሌ እስከ ሜሪላንድ ናቸው። ስልክ ማዞር ለእሳቸው የሙያ ጉዳይ ነው። ባሕር ማዶ ያለች ሙሽራ በቪዲዮ ስትደውል ቀሚሱ አሻንጉሊቱ ላይ እንደተሰቀለ ስልኩን በቁሙ ይይዙታል፤ ከአንገቱ ጥልፍ እስከ ዘርፉ ይታያል። «እስቲ ነጠላውን፣ እትዬ» የምትል ድምፅ ስትመጣ ረዳቷ ልጅ አንዱን ጫፍ ትይዛለች፣ እሳቸው ሌላውን፤ ስልኩ የክር ማሸጊያ ካርቶን ላይ በአግድም ይደገፋል። ጥለቱ ዳር እስከ ዳር ይወጣል። ካልዞረ ጥለቱ ይቆረጣል፣ ጥለቱ ከተቆረጠ ሙሽራዋ ታመነታለች፤ ያመነታች ሙሽራ ደግሞ ሌላ ሱቅ ትደውላለች።

ስለዚህ የእድሩን አፕ አዙረው አልዞር ሲላቸው ልጁን ሱቃቸው ድረስ አስጠሩት። አንድ ነጠላ ከመደርደሪያ አወረዱ።

«ይህን ስሸጥ እንዴት እንደምትለብሰው ወስኜ ነው የምሸጥላት? ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መስቀለኛ ታጣፋዋለች። ለቅሶ ስትደርስ ታዘቀዝቀዋለች። ሰርግ ላይ ጥለቱን አውጥታ ትከሻዋ ላይ ትጥለዋለች። ሸማኔው ምን አገባው?»

«እትዬ፣ ነጠላ ክራሽ አያደርግም» አለ ልጁ።

መልሱ ጥሩ ነው፤ ክርክሩን ግን አያሸንፍም። የያዘው ሰው ለምን እንዳዞረው የሚያውቀው ራሱ ነው። በዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው እትም ውስጥ ይህ በደንብነት ተጽፏል፤ ለሥራው የግድ ካልሆነ በቀር ገጽን በአንድ አቅጣጫ ብቻ መቆለፍ አይገባም። ከደንቡ ጀርባ ያሉት ታብሌታቸው ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ክንድ ጋር የታሰረ ሰዎች ናቸው። እነሱ «አዙረው» ቢባሉ ማዞር አይችሉም። የግድ የሆነውንም መመሪያው በምሳሌ ያስቀምጣል፤ የፒያኖ አፕ፣ የባንክ ቼክ ማንሻ። ፒያኖ በቁሙ ቢሆን ቁልፎቹ አይበቁም፤ ይህን የሚቃወም የለም። የእድር መዋጮ ግን ፒያኖ አይደለም።

ለልጁ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ በአግድም የሚመጣውም ሁሉ ደግ አይደለም። ስልክ በአግድም ሲያዝ ቁመቱ ያጥራል፤ ኪቦርድ ሲከፈት ደግሞ የቀረውን ይወስዳል። የአማርኛ ኪቦርድ ከሌላው ይብሳል፤ «ለ» ሲነካ ከላይ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለ የሚሰለፍ ረድፍ የሚጨምር አለ። አንድሮይድ በዚህ ጊዜ አፑን ጭራሽ ሸፍኖ አንዲት የመጻፊያ ሳጥን ብቻ ሊያስቀር ይችላል። ጸሐፊው በመጀመሪያው እትም በአግድም የአንድ አባል ስም ሲጽፉ ሠንጠረዡ ከዓይናቸው ተሰወረ፤ የማንን ስም በማን ቦታ እየጻፉ እንደሆነ ጠፋባቸው። ለዚህም መፍትሔ አለው፤ ኮደሩ ኪቦርዱ ሙሉ ስክሪን እንዳይወስድ መከልከል ይችላል። ማንም ካልነገረው ግን የሚያውቀው ተጠቃሚ ሲጮህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የፎቶ ነገር ነው። ኮሚቴው ከስም ጎን ፎቶ ይኑር አለ፤ በአንድ ስም ሦስት አባል ስላለ ውዝፉ እየተምታታ ነበር። አባላቱ እሑድ ዕለት ድንኳኑ ሥር በየተራ ተቀምጠው ፎቶ ተነሡ። ማታ አፑ ሲከፈት ዝርዝሩ ተሟልቷል፤ ሁሉም አባል ግን በጎኑ ተጋድሟል። ሰብሳቢው ከላይ፣ ጭንቅላታቸው በግራ፣ ኮታቸውን እንደለበሱ ተኝተዋል። ከሥራቸው ጸሐፊው። ከዚያ መቶ ምናምን አባል በተርታ። የሌላ ድርጅት አፕ ቢሆን ያስቅ ነበር፤ እድር ላይ ሲሆን ሟርት ነው።

«ገና ቆመን እየከፈልን አስተኛኸን?» አሉ ሰብሳቢው።

ጥፋቱ እዚህም ከአንዲት ቁጥር ነው። የስልክ ካሜራ ውስጥ ያለው ምስል ተቀባይ የተገጠመው በአግድም ነው። በቁም ፎቶ ሲነሣ ብዙ ስልክ ምስሉን እንደመጣ በጎኑ ያስቀምጥና ከፎቶው ጋር ባለ ማስታወሻ ውስጥ ከ1 እስከ 8 ያለች ቁጥር ይጽፋል። 1 ከሆነ እንዳለ አሳይ፤ 6 ከሆነ ሩብ ዙር አዙረህ አሳይ። የስልኩ ጋለሪ ቁጥሩን አንብቦ ያቃናል፤ ስለዚህ እዚያ ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ልጁ ግን ፎቶውን በጥሬው ከፍቶ ማስታወሻውን ሳያነብ ለጠፈው። ይህን እንኳ በዚያው ሌሊት ነው ያቃናው፤ እናቱ በር ላይ ቆመው ነበር፣ ፎቷቸው አንደኛው ገጽ ላይ ነውና።

ከባሕር ማዶ የሚመጡ የአባላት ልጆች አይፎን ስለያዙ ለእነሱም አፕ ይሠራ ሲባል ልጁ ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ ወደሚሠራበት ወደ ፍላተር ዞረ። እዚያ የጠበቀው ሌላ ጣጣ ነው። ስልኩ ወደ ግራ ሲዞር ጽሑፉ ለሰው ቀጥ ብሎ እንዲታይ ገጹ ወደ ቀኝ መዞር አለበት፤ ነገሩ ግልጽ ነው። አፕል ይህን ተከትሎ የገጹን «ላንድስኬፕ ሌፍት» ከመሣሪያው «ላንድስኬፕ ራይት» ጋር አንድ አድርጎታል። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ነው ማለት ነው። ከልምድ የተማሩ ኮደሮች በዚህ አይከራከሩም፤ አንዱን ይሞክራሉ፣ ከተገለበጠ ሌላውን ያደርጋሉ። ልጁም እንደዚያው አደረገ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አፑ በቁሙ ተቆልፎ ዓመት ሊሞላው ሲል ዱባይ ያለች የአንድ አባል ልጅ ለእድሩ አንድ ታብሌት ላከች። አዲስ ነው፤ አንድሮይድ 16 አለው። ልጁ አፑን ለአዲሱ ስሪት አዘጋጅቶ ጫነው። ጸሐፊው ታብሌቱን ጠረጴዛ ላይ በአግድም አቆሙት፤ አፑም ያለ አንዳች ማንገራገር በአግድም ተከፈተ። ማኒፌስቱ ላይ «ፖርትሬት» የሚለው ቃል እንዳለ ነው፤ የሚሰማው ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ይህ ስሪት ለእሱ በተዘጋጁ አፖች ላይ፣ አጭሩ ጎኑ ከ600 ዲፒ በማያንስ ትልቅ ስክሪን ላይ የአቅጣጫ ቁልፍን አይቀበልም። ዲፒ ኮደሮች ስክሪን የሚለኩበት መለኪያ ነው፤ ታብሌቶች ባብዛኛው ከዚያ ይበልጣሉ። ጌሞች ብቻ ከዚህ ነፃ ናቸው። ለጊዜው ይቅርብኝ ለሚል ኮደር ማመልከቻ የምትሆን አንዲት መስመር አለች፤ ለሚቀጥለው ስሪት ሲሆን እሷም ትሻራለች።

ለአንድ ስልክ በቁም የተጠበበው ገጽ በታብሌቱ ወርድ ሙሉ ተለጠጠ። «መስ» አንድ ዳር፣ «ነሐ» ሌላ ዳር፣ በመካከላቸው ሜዳ። «የካ» ብቻዋን መሐል ቆማለች። ጸሐፊው ደስ አላቸው፤ ያለ መነጽር ይታያል። መሙላት ጀመሩ፤ ልጁ ግን ሳይተነፍስ ታብሌቱን ነው የሚያየው። ያ በሩን የዘጋበት ባግ ውስጥ እንዳለ ነው፤ በሩ ደግሞ ተከፍቷል።

ረዳት ሊሆን የመጣ አንድ አባል ለፎቶ ብሎ ታብሌቱን በቁሙ አነሣው።

ጉዳዩ በሚቀጥለው እሑድ አጀንዳ ሆኖ ቀረበ። ልጁ ቪውሞዴሉንም ዳታቤዙንም ለማስገባት ሦስት ሳምንት ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። እስከዚያው ምን ይደረግ በሚለው ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ከተነጋገሩ በኋላ ውሳኔው ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ። ታብሌቱ ጠረጴዛው ላይ በአግድም እንዲቀመጥ፤ መዋጮ በሚሞላበት ሰዓት ያዞረ አባል 50 ብር እንዲቀጣ፤ ቅጣቱም በወረቀቱ መዝገብ ላይ እንዲያዝ። ገንዘብ ያዧ ብቻቸውን ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸውም ይመዝገብልኝ አሉ። ልጁ ድምፅ አልሰጠም። ትዳር ስለሌለው ገና አባል አይደለም።